የማሜ መኪና ገበር

ሮቤ ውስጥ ማሜን የማያውቅ የለም፤ ማሜ ግን አንድም ሰው በደንብ አውቃለሁ ብሎ አያምንም። «እንዴት አደርክ?» ስትሉት መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞር ይላል፤ ቀጥሎ «ምን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ጨው ሲገዛ አሽትቶ ነው። ሻይ ሲጋብዙት ጋባዡ አንዴ ፉት እስኪል ይጠብቃል። በሰው ባል ላይ ክፉ መናገር አልወድም፤ ግን አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ የተቀመጠበትን በርጩማ ገልብጦ ከሥሩ ሲያይ በዓይኔ ይዤዋለሁ። «ምን ጠፋብህ ኦቦ ማሜ?» ብዬ ብጠይቀው «እግሩ የላላ መስሎኝ ነው» አለኝ። ጆሮ ያለው በርጩማ ሲፈልግ እንደነበር አልጠፋኝም።

እኔ ሸዋዓለም እባላለሁ፤ ጎባ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ መሸሻ የመኪና ቦዲ ይሠራል፤ ከሸዋ ለመንገድ ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የሆነችው ቃል የወጣችው ከእኔ አፍ ስለሆነ ታሪኩን ራሴ ባወራው ይሻላል። ሌላ ሰው ሲያወራው እኔን ቤት አፍራሽ ያደርገኛል።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓ.ም. ነው። ያኔ የማይጠረጥር ሰው አልነበረም፤ ማሜ ግን ከዘመኑም ቀደም ይል ነበር። ምክንያት አልነበረውም ብል ደግሞ መዋሸት ይሆንብኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቱ ጫሊ ከሱቁ ወለል ሥር የኮንትሮባንድ የሐረና ቡና ደብቋል ተብሎ ስምንት ወር ታስሯል። ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰው ግን አፉን በነጠላ ሸፍኖ አንድ ነገር ይል ነበር፤ የጫሊ ሚስት ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ «ባሌ የሱቁን ወለል እያሳደሰ ነው» ብላ ሳታስበው አውርታለች ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ነው የሚያውቀው። ማሜ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ይፈራል፤ ወለልና ሴቶች ማኅበርን። ሚስቱ ጁሀራ ደግሞ በዚያው ሰሞን ተራ ደርሷት የማኅበሩ አባል ሆና ተጻፈች።

ማሜ አንዲት ነጭ ፒካፕ ነበረችው። ነበረችው ማለቱም ልክ አይደለም፤ የሁለቱም ነበረች። የተገዛችው ጁሀራ ከአባቷ ያገኘቻቸው ከብቶች ተሸጠው ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ስትንገጫገጭ ጁሀራ «ወይኔ ላሞቼ!» ትላለች ብለው ሮቤዎች ይቀልዱባታል። ማሜ በዚህች መኪና ከሮቤ ጨው ጭኖ፣ በጎባ አድርጎ፣ የሳነቴን ከፍታ ተሻግሮ ሪራ ይወርዳል፤ ከሪራ ማር ጭኖ ይመለሳል። የሳነቴን ጭጋግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጆንያውን ዘልቆ ይገባና ጨውን ያስለቅሰዋል። የጨው እንባ ደግሞ ብረት ይበላል። ሾፌሮች ካሶኒ የሚሉት የኋላው የጭነት ሳጥን ወለሉ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ተበሳ።

የተበሳበትም ቀን ለጉድ ነው። ዲኖ የሚባል ሪራ ላይ ማር የሚያስረክበው ሰው አንድ በግ ጭኖለት ነበር። ሳነቴ አናት ላይ ሲደርሱ የበጉ እግር በቀዳዳው ሾልኮ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጠለጠለ። ከኋላ ይመጣ የነበረ የወታደር መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ተከተለው። ማሜ ሰው ሲከተለው ምን እንደሚያደርግ መቼም ትገምታላችሁ፤ ነዳው። በጉ ጎባ ሲደርስ በሕይወት መገኘቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው።

መሸሻ ያጣ ወደ መሸሻ ይመጣል፤ ማሜም በማግሥቱ ጓሯችን ገብቶ ቆመ። እኔ በረንዳው ላይ የአንድ መምህር ኮት እየገለበጥኩ ነበር። ባለቤቴ ካሶኒውን አየና «ሽፋን ይፈልጋል» አለው።

«ሽፋን አትበል!» አለ ማሜ፣ አጥሩን እያየ። «ሽፋን ያለው ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው ይላሉ።»

«እሺ፣ ሁለተኛ ወለል እናድርግለት።»

ወለል ሲባል ማሜ ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ሰውዬ ልታሳስረኝ ነው? ሁለተኛ ወለል ያለው መኪና ኬላ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚባል አታውቅም? ቡና ነው የሚባለው! ጫሊን ረሳኸው? መኪናዋን ወርሰው፣ እኔን አስረው…»

እኔ ምላሴ አያርፍም። መርፌዬን ኮቱ ላይ ሰካሁና «ታዲያ ገበር በሉታ!» አልኳቸው። «ኮት ገበር አለው፤ መኪና ቢኖረው ማን ይከለክለዋል?»

ማሜ ቃሏን እንደ ጨው ቀመሳት። «ገበር…» አለ። «ገበራ… ይቺስ ጥሩ ናት። ለመኪና ነው ብሎ የሚያስብ የለም።» አማርኛውን በኦሮምኛው ዜማ ነው የሚናገረው፤ መሐሏን ጠበቅ፣ ጫፏን ዘርጋ ያደርግና «ገበራ» ይላታል። እንግዲህ ባሌ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በኦሮምኛ ገበራ ማለት ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሎሽ ነው። እኔም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጨርሶ አልመጣልኝም። ለእሱም አልመጣለትም። የበርጩማ ሥር የሚያየው ሰውዬ የቃሏን ሥር አላየም።

ከዚያ የገበሩ ምርጫ ተጀመረ፤ ወር ሙሉ ፈጀ። መጀመሪያ የሮቤ ላሜራ ነበር። አንድ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ላሜራ አሳየውና «ይቺን ለአንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት» አለው። ማሜ ከሱቁ ሮጦ ወጣ። «ለምን ለእኔ? ከማን ሰምቶ?» እያለ ሁለት ሳምንት ሲብሰለሰል ከረመ። ቀጥሎ የጥድ ጣውላ ታሰበ። ጣውላ ለጨው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥድ መቁረጥ ተከልክሏል፣ ከየት አመጣኸው ይሉኛል ብሎ ተወው። በመጨረሻ መሸሻ ወፍራም ጥቁር ጎማ አገኘለት። ወፍጮ ቤቶች እህል የሚያጓጉዙበት ሰፊ ቀበቶ ነው፤ ያረጀው በጨረታ ተሽጦ እኛ ጓሮ ደርሷል። ጨው አይበላው፣ ውኃ አያስገባ፣ በግ አያንሸራትት። ደረሰኝም ነበረው። ማሜ ጎማውን አሸተተ፣ ጫፉን በክብሪት ለኮሰ፣ በጥርሱ ነከሰ፤ ሁሉንም ወደደው። ደረሰኙን ግን ጠረጠረው። «አሮጌ ጎማ ደረሰኝ ምን ያደርግለታል? አንድ ነገር ቢኖር ነው» አለ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር ይባል የለ!

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ይህን የምነግራችሁን ግማሹን ከባለቤቴ፣ ግማሹን ከጁሀራ ከራሷ ነው የሰማሁት። አንድ የገበያ ቀን መሸሻ ሮቤ ወርዶ ማሜን ከግቢው በር ላይ አገኘው። ማሜ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጁሀራ ከአጥሩ ጀርባ ገብስ እያበጠረች ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰፌዱን አቆመች። ባል ድምፁን ዝቅ ካደረገ የማታደምጥ ሚስት የለችም።

«የሮቤዋን አይቻታለሁ» ይላል ማሜ። «ታብረቀርቃለች፤ ግን ቀጭን ናት፣ ክረምት የምትችል አትመስለኝም።»

«እሷን ተዋት» ይላል መሸሻ። «ሁለት ዓመት ሳትቆይ ታስለቅስሃለች። የጎባዋን ያዝ። ጠቆር፣ ወፈር ያለች፣ ሸክም የምትችል።»

«ዕድሜዋስ?»

«አልዋሽህም፣ ከሌላ ቤት የወጣች ናት። ግን ገና ሃያ ዓመት ታገለግልሃለች።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ሸዋዓለም ብቻ። እኛ ጓሮ ናት።»

«እንግዲያው በቃ፣ የገበራዋ ነገር ቶሎ ይለቅ። ለጁሀራ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ሴቶች ማኅበር ትሄዳለች፤ እዚያ ምን እንደምታወራ አላውቅም።»

ጁሀራ ገብሱን መልሳ ጆንያ ውስጥ ገለበጠችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ቤት፣ በላሞቿ የተገዛች መኪና፣ ሁሉም ጎባ ላለች ወፍራም ሴት ሊሄድ ነው ብላ አሰበች። አልጮኸችም። ያን ቀን ምሳ አቀረበችለት፤ ዝም ብላ ሲበላ አየችው። ጋቢውን አሸተተች፤ ሽቶ ፈልጋ ጎማ ጎማ ሸተታት። ጎማ ጎማ የምትሸት ሴት እንዴት ያለች ናት ብላ ይብስ ተቃጠለች። ማሜ ደግሞ ዝምታዋን አየና ሌላ ነገር ጠረጠረ፤ ማኅበሩ ስለ እኔ ጠይቋት ይሆናል አለ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ፊት ስለ ዝናብ ብቻ ያወራል። እሷም ስለ ዝናብ ትመልስለታለች። ከአንድ ትሪ እየበሉ አንዱ የሌላውን እጅ ይጠብቃል። እኔ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች እኮ ናቸው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ማሜ መኪናዋን ጓሯችን አምጥቶ አቆመ። መሸሻ ዝገቱን ፍቆ፣ ቀዳዳውን በይዶ፣ ቀለም ቀባው። ማሜ እኩለ ቀን ሲሆን ለሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። እሱ በወጣ በትንሽ ጊዜ አንዲት ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ መልከ መልካም ሴትዮ በሬ ላይ ቆመች። አላውቃትም። «አካም ጅርቱ፣ እህቴ?» ብላ ደህንነቴን ጠየቀችኝ፤ ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ የጓዳዬን በር ይፈትሻል። እኔም የዘመኑ ሰው ነኝና ጠረጠርኳት፤ ይቺን ሴት አንድ ሰው ልኳት ነው የመጣችው አልኩ በልቤ።

«ልብስ ልታሰፊ ነው?» አልኳት።

«አይ… አዎ።» ከዚያ ድንገት፣ «ስለ ገበራ ነው የመጣሁት» አለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገበራ ሲሉኝ ምን ይታየኛል? «የምን ገበር? የኮት ነው የቀሚስ?»

«የማሜ።»

ደነገጥኩ። ለማንም አትናገሩ የተባለውን ይቺ ከየት አመጣችው? «የቱ ማሜ?» አልኳት።

«አትደብቂኝ እህቴ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልቋል ወይስ አላለቀም?»

ሰምታለች እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ። «ዛሬ ማለቁ ነው» አልኳት። «ከሰዓት በኋላ ይዟት ይሄዳል።»

«ዛሬ!» አለች፤ ግድግዳውን ያዘች። «ልያት?»

«ምን ችግር አለው። ከጓሮ ተጋድማልሻለች።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ምን እንዳስደነቃት አልገባኝም። ስትከተለኝ ሻሿን ስታስተካክል፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ትከሻዋንም ቀና ስታደርግ አየኋት። ጓሮ ደረስን። ጎማዋ አራት ጫፏ ላይ ድንጋይ ተጭኖባት ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች።

«ይቺውና» አልኳት።

ሴትዮዋ ጎማውን አየች፤ ከጎማው ጀርባ አየች፤ አጥሩን አየች። «የት?»

«ይቺ ነቻ!»

«ይሄ ጎማ ነው።»

«ገበር ነው እንጂ! የመኪናው ገበር።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ቀጥሎ ቀስ ብላ ጎማው ላይ ተቀመጠች፤ በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ጠቆር ያለች… ወፈር ያለች… ሸክም የምትችል…» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። እንዲህ ሲስቅ ያየሁት ሰው የለም። «ሀዳ ጀሊል ነኝ፣ የጀሊል እናት፤ የማሜ ሚስት ነኝ፤ ጣውንቴን ለማየት ነው የመጣሁት!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነገሩ ሲገባኝ እኔም አጠገቧ ወደቅሁ። መሸሻ መዶሻውን ይዞ መጥቶ ሁለት ሴቶች ጎማ ላይ ሲንከባለሉ አይቶ ተመለሰ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባዋ አላለቀም።

«ግን ለምን ደበቀኝ?» አለችኝ።

መዋሸት ነበረብኝ። አፌ እኮ! «ማኅበሩን ፈርቶ ነው» አልኳት።

ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። «አዎ፤ እሱንም ሰምቼዋለሁ። የሴቲቱ ነገር አንገብግቦኝ አልፌው ነበር።» ጎማውን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። «እዚያ ማኅበር ሄጄ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ከኋላ ተቀምጬ እተኛለሁ። አንድ ቀን ‹ምን አወራሽ?› ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም። እህቴ፣ ሚስት ቢጨምር ሸሪዓው ፈቅዶለታል፤ አልቅሼ እችለው ነበር። ይሄንን ግን ማን ፈቀደለት?»



ማሜ ከመስጊድ ሲመለስ ሚስቱን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ አገኛት። እንደው ሰላምታ እንኳ አልቀደመውም፤ «ማን ላከሽ?» አላት።

«እግሬ» አለችው።

 ሁለቱ ወንዶች ጎማውን ካሶኒው ላይ ዘረጉት፤ ልክ እንደተቆረጠለት ገባ። መሸሻ አራት መቀርቀሪያ አዘጋጅቶ ነበር። «በሳምንት አንዴ አንስተህ ከሥሩ እጠብና አድርቅ» አለው። «ካልተነሣ እርጥበቱ ተደብቆ ይበላታል፤ ሳታየው ታልቃለች።»

«መቀርቀሪያ አልፈልግም። በቡሎን እሰርልኝ።»

«በቡሎንማ ማን ያነሣታል?»

«ማንም እንዳያነሣት ነዋ! የሚፈታ ነገር ይሰረቃል።»

እኔም ገባሁበት። «ኦቦ ማሜ፣ የኮት ገበር ስሰፋ አንዱን ጎን በላላ ስፌት ነው የምተወው። ከሥሩ ብል ቢገባ በምን ይታያል?» አልኩት። አልሰማኝም። ለሠላሳ ሁለት ቡሎን አስበሳ። ያም አልበቃው፤ ቡሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ እንዳይፈታ የቡሎኑን ጫፍ በመዶሻ አስቀጠቀጠ። ጁሀራ ሠላሳ ሁለቱም ሲቀጠቀጡ ቁጭ ብላ አየች። መሸሻ ደግሞ የመኪናው ባለቤት ያዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ ቀጠቀጠ።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ሮቤ ሊሄዱ ተነሡ። እኔም ክር ልገዛ ስለነበር ጋቢና ገባሁ፤ ጁሀራ በመካከላችን ተቀመጠች። ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጎባን ስትወጡ ያለ ኬላ ነበር። እዚያ የሚሠራው ለታ ማሜን አራት ዓመት ሙሉ ሲያሳልፈው የኖረ ሰው ነው። እጁ ላይ ጆንያ የሚወጋበት ሹል ብረት አለች። ወደ ኋላ ሄደ፤ አልተመለሰም። ብረቷን ካሶኒው ላይ መታ ሲያደርግ ሰማን፤ ድሮ ጧ ይል የነበረው አሁን ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ።

«ኦቦ ማሜ፣ ና እስቲ ውረድ። ይሄ ምንድነው?»

ማሜ ወረደ፤ እኛም ተከተልን። «ገበራ ነው» አለ ማሜ።

ለታ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሳቀ። «ገበራ? ማንን ልታገባ ነው?»

ማሜ ልክ ያኔ ቃሏን ሰማት። አየሁት፤ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ወደ ጁሀራ ዞረ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ለምን ጎባ እንደመጣች፣ ለምን ስለ ዝናብ ብቻ ታወራው እንደነበር ሁሉም ባንዴ ገባው። ጁሀራ መንገዱን ታያለች።

የለታ ሳቅ ግን ወዲያው ጠፋ። «ከሥሩ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ፍታው።»

«አይፈታም።»

ለታ ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ተመለከተ። የተቀጠቀጡትን ቡሎኖች አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። ሲነሣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። «ይሄ ለምን ተደፈነ?»

«እንዳይሰረቅ።»

«ከሌባ ነው ወይስ ከእኛ?»

«ወላሂ ባዶ ነው! አሮጌው ወለል ነው ያለው፣ ወላሂ!»

«ሁሉም ወላሂ ይላል» አለ ለታ። «ቡና ከሆነ መኪናዋም አንተም እዚሁ ትቀራላችሁ።»

ማሜ የኪሱን ሁሉ ገልብጦ ደረሰኙን አወጣ። ለታ ደረሰኙን አየና «አሮጌ ጎማ ደረሰኝ ምን ያደርግለታል?» አለ። እኔ በዚህ ጊዜ መሳቅ አማረኝ፤ ግን ጫሊ ትዝ አለኝ። ጫሊም ባዶ ነው ብሎ ነበር።

መሸሻ ተጠርቶ የብረት መጋዙን ይዞ መጣ። የተቀጠቀጠ ቡሎን በቁልፍ አይፈታም፤ መቁረጥ ነው። ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ አንድ በአንድ ይቆርጣል፤ የብረቱ ብናኝ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ከሮቤና ከጎባ የሚመጣው ሁሉ ቆሞ ያያል። «ማሜ ተያዘ» የሚል ወሬ እኛ ፊት ተወለደ፤ በጆሮዬ ሰማሁት። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት «ቡና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማሜ ለሁሉም «ባዶ ነው» ይላል፤ አንድም ሰው ራሱን አይነቀንቅለትም። ሃያ የሚያህሉት ሲቆረጡ ድምፁ ዝግ አለ፤ ከዚያም ተወው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሠላሳ ሁለተኛው ተቆረጠ። ሁለት ሰው ጎማውን አነሣ። ሥሩ ያው መሸሻ ጠዋት የቀባው ቀለም ነው፤ ገና በደንብ አልደረቀም፣ ጎማው ላይ ትንሽ ተላቋል። ሌላ ምንም የለም። ለታ በብረቷ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አደረገና «በቃ፣ ሂዱ» አለ። ይቅርታ አላለም። የተሰበሰበውም ሰው ቡና ባለመገኘቱ እንዳዘነ ሁሉ ተበተነ።

ማሜ ከጎማው አጠገብ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። «ወላሂ እያልኩት» አለ። «አራት ዓመት ያውቀኛል! አንድ ቀን ቡና ጭኜ አላየኝም! ወላሂ እያልኩት…» እንባው መጣ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን አዘንኩለትም፣ ደስም አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ጁሀራ ጠጋ አለችው። በኦሮምኛ ጀምራ እኔም ይግባኝ ብላ ነው መሰል ወደ አማርኛ ዞረች።

«አባ ጀሊል፣ እሱ እንኳ ጠይቆሃል» አለችው። «ጠየቀህ፣ ፈትቶ አየ፣ ባዶ ሲሆን ልቀቅ አለህ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብህ። እኔን ግን ሳትጠይቀኝ ነው የቸነከርከኝ።»

 ማሜ ጎማው ላይ ቁጭ አለና መሬቱን አየ። ጀሊል የበኩር ልጃቸው ነው፤ በልጁ ስም ስትጠራው አንገቱን የሚያቀና ሰው ያን ጊዜ ደፍቶ ቀረ። ለታ እንኳ ከሩቅ ሆኖ ፊቱን አዞረ።

በመጨረሻ መሸሻ የብረት ብናኙን ከፊቱ እየጠረገ መጣ። ደክሞታል፤ ተናዷልም። «እህ፣ አሁንስ በምን ልሰረው?» አለ።

ማሜ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ ወደ ኋላው ማየት ልማዱ ነው። ጠበቅሁት፤ አላየም። ከተቀመጠበት ሆኖ ቀና አለና ሚስቱን አያት።

«አቲ ማል ጄታ?» አላት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ጁሀራ ኬላው ላይ ያለ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የሚፈታ ይሁን» አለች።

ማሜ ብድግ አለ። «የሚፈታው ገበራው ነው… ወይስ እኛ?»

ጁሀራ ጎንበስ ብላ የጎማውን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ለጊዜው ገበራው ነው» አለችው። «በል፣ ያንን ጫፍ ያዝ።»